ስለ ፊዚዮቴራፒ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ኮንዶሚኒየም ደረጃ

ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ መንገድ፣ አንዲት ጠባብ የሕክምና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከማለዳው 12 ሰዓት ሯጮች በጭጋጉ መካከል በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ይሞላል። ባቱን የያዘው ወጣት አትሌት፣ ወገቧን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች እናት፣ ከግንባታ ቦታ ትከሻውን ደግፎ የመጣ የቀን ሠራተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሥራቸው ሌላ ሌላ ነው፤ የሚጠይቁኝ ግን ይመሳሰላል። ሰው በተሰለፈበት በችኮላ ከምመልስ፣ ረጋ ብዬ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

ፊዚዮቴራፒ ማለት መታሸት ነው?

አይደለም። እሽት አለበት፤ ነገር ግን ከሥራችን ትንሹ ክፍል ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲመጣ ረጅሙን ጊዜ የምናሳልፈው በመጠየቅና በመመልከት ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ምን ሲሠሩ ይብሳል? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ቀኑን ምን ተሸክመው ይውላሉ? ከዚያም የታመመውን ወገን ከጤነኛው ጋር እያነጻጸርን ጥንካሬውን፣ መታጠፍና መዘርጋቱን፣ ሚዛን መጠበቁን እንለካለን። ሕክምናው በአብዛኛው እንቅስቃሴ ነው፤ በልክ የተሰፈረ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚጨመርበት። ጡንቻም ሆነ ጅማት ሥራ ሲቀርበት ይልፈሰፈሳል፤ ሲበዛበት ይጎዳል፤ በልኩ ሲሰጠው ይጠነክራል። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ሙያው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ነው። በሀገራችን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓለም አቀፉ የፊዚዮቴራፒ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት መሆኑ ነው። ሰው ፈውስ ፈልጎ በዝናብ በሚጠመቅበት ቀን ላይ መዋሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ወጌሻ ዘንድ ብሄድ ምን ችግር አለው?

ይህን ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ፤ የምቆጣ ስለሚመስላቸው። አልቆጣም። ወጌሻ ጎረቤት ነው፤ ሌሊት ቢጠራ ይመጣል፤ አይዞህ የሚል እጅ አለው። ቀላል ወለምታን አረጋግተው የሚመልሱ አባቶችን አውቃለሁ። የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሳይታይ የቀረ ስብራት ነው። የወጌሻው ጣት የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ የተሰነጠቀን አጥንት ከተወጠረ ጅማት ሁልጊዜ አይለይም። የተሰበረን አጥንት መጎተትና ማሸት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል።

ሁለተኛውና የከፋው አጥብቆ ማሰር ነው። የተጎዳ ክንድ ወይም እግር ከጉዳቱ በኋላ ለብዙ ሰዓታት እያበጠ ይሄዳል። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር የሚያብጥበት ስፍራ ያጣል፤ ግፊቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ደም ሥሮቹን ይጫናል። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን የሚያጡ ሕፃናት በሀገራችን ዛሬም አሉ። ከአህያ ጋሪ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በታሰረ በሦስተኛው ቀን አባቱ አዝሎ አምጥቶልኝ ያውቃል። ማሰሪያውን ስፈታው ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። እኔ ላደርግለት የምችለው አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ላክሁት፤ ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። አባትየው፣ “ሁለት ሌሊት ሲያለቅስ፣ ማሰሪያው ነው የሚያምህ፣ ታገሥ እያልኩት ነበር” አለኝ። ያ ቃል ከጆሮዬ አይወጣም።

ስለዚህ ማንም ይሰረው ማን፣ ጤና ጣቢያም ቢሆን፣ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን ይመልከቱ። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕመሙ ሰዓት በሰዓት እየጨመረ ከሄደና ጣቶቹን ሲዘረጉለት የሚጮህ ከሆነ፣ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ያላሉና ሆስፒታል ይድረሱ። ሌሊትም ቢሆን ይንጋ አይበሉ። በአካባቢዬ ያሉ ሁለት ወጌሾች አሁን ማንኛውንም የወደቀ ሕፃን በቅድሚያ ወደ ኤክስሬይ ይልካሉ። አከብራቸዋለሁ።

እግሬ ወለም አለኝ። ኤክስሬይ ያስፈልገኛል?

ካናዳ ውስጥ ኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ቀላል መለኪያ አለ፤ እኛም እንሠራበታለን። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የወጡትን ሁለት አጥንቶች በኋለኛው ጠርዛቸው በኩል በጣት ይጫኑ። አጥንቱ ራሱ ካመመ፣ ወይም በእግሩ መሐል ከትንሿ ጣት በኩል ባለው ጎን ያለው የአጥንት ጉብታ ወይም በውስጠኛው ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ሲነካ ካመመ፣ ወይም በተጎዱበት ጊዜም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ኤክስሬይ ይነሱ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ ለዘብ አድርገው በፋሻ ይጠቅልሉ። ቅዝቃዜ ሕመሙን ያስታግሣል፤ በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይበቃል። ነገር ግን በረዶ መፈወሱን ያፋጥናል የሚለው ነገር አልተረጋገጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 “እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ” የሚለውን ምክር ያስተዋወቀው አሜሪካዊ ሐኪም ራሱ ኋላ ላይ ሐሳቡን አሻሽሏል። የፈላ ውሃና የሚያቃጥል ቅባት በእነዚህ ቀናት አይጠቀሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ብዙዎች የሚዘሉት። እብጠቱ ሲጎድል ዳንኩ ብለው ወደ ሜዳ ይመለሳሉ፤ በወሩ ያው እግር እንደገና ወለም ይላል። ጅማቱ ሲጎዳ፣ እግር ያለበትን አቅጣጫ ለአንጎል የሚነግረው ስሜትም አብሮ ይጎዳል። ይህ በእረፍት አይመለስም፤ በልምምድ ነው። ጥርስዎን ሲፋቁ በተጎዳው እግር ብቻ ይቁሙ፤ ሲለምዱት ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩ። በአንድ እግር ያለ ሕመም ደጋግመው መዝለል ሲችሉ ለኳስ ደርሰዋል።

ሯጭ ነኝ። የተረከዜ ጅማት ጠዋት ጠዋት ይገትረኛል። ሩጫውን ላቁም?

ይህን የሚጠይቀኝ ወጣት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አቁሞ አይቶታል። ሦስት ሳምንት ያርፋል፤ ሕመሙ ይጠፋል፤ ወደ ልምምድ ሲመለስ በአራተኛው ቀን ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጅማቱ በእረፍቱ ጊዜ ሕመሙ ቢተወውም ይበልጥ ደክሞ ነው የቆየው፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ የጓደኞቹን ፍጥነት እንዲሸከም ይጠየቃል።

ስዊድናዊው ሐኪም ሀካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሥራ የብዙ ሯጮችን ዕድል ለውጧል። መሣሪያ አይፈልግም፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይበቃል። በጣቶችዎ ላይ በደረጃው ጠርዝ ይቁሙ፤ በሁለቱም እግሮች ወደ ላይ ይነሱ፤ ከዚያ ጤነኛውን አንሥተው በታመመው እግር ብቻ ተረከዝዎን ቀስ አድርገው ከደረጃው በታች ያውርዱ። 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፤ አንዴ ጉልበት ተዘርግቶ፣ አንዴ በጥቂቱ ታጥፎ። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። በቀን 180 ጊዜ ይሆናል። ሲሠሩት ማመሙ አያስፈራዎ፤ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ደህና ነው። ከባሰ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዙ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አይውረዱ፤ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይሥሩት።

ከ12 ሳምንት በታች ቃል የሚገባልዎትን ሰው በጥርጣሬ ይስሙት። ጅማት ደም በብዛት የማይደርሰው አካል ስለሆነ ፈውሱ ቀርፋፋ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ይህ ጅማቱ እያመመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር ኤድመንተን ላይ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመለሰና ነሐስ አገኘ፤ በችኮላ አይደለም፣ በወራት ትዕግሥት ነው። የኃይሌ ታሪክ ሲነሳ ወጣቶቹ ከሕመም ጋር ማሸነፉን ብቻ ይይዛሉ። እኔ ደግሞ የጠበቀውን ጊዜ አስታውሳቸዋለሁ።

አስፋልት ላይ የሚሮጡበትን ቀን ከሳር ሜዳና ከጫካ መንገድ ጋር ማፈራረቅም ይረዳል። የእኛ አሠልጣኞች እንጦጦን፣ ሰንዳፋን፣ ሱሉልታንና አቃቂን በየተራ የሚጠቀሙት ለከፍታው ብቻ ሳይሆን ለመሬቱም ጭምር ነው።

ቅልጥሜን ያመኛል፤ ልጄ ደግሞ ሯጭ ነች፤ እርሷንም ያማታል።

የቅልጥም ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። በአጥንቱ ጠርዝ ረዘም ባለ መሥመር የሚሰማ፣ ሲሟሟቁ ለዘብ የሚል ከሆነ ሸክሙን በመቀነስና ባትን በማጠንከር ይሻሻላል። አንዲት ነጥብ ላይ በአንድ ጣት የሚገኝ፣ በአንድ እግር ሲዘሉ የሚወጋ፣ ተኝተውም የማይተው ከሆነ ግን አጥንቱ እየተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ኤክስሬይ ላይታይበት ስለሚችል “ምንም የለም” ተባልኩ ብለው አይሩጡበት።

ስለ ልጅዎ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እናት ብትጠይቃት ይሻላል። የወር አበባዋ አለ? ብዙ የሚሮጡና ጥቂት የሚበሉ ልጃገረዶች ሰውነታቸው ጉልበት ሲያጥረው የወር አበባቸው ይቆማል፤ አጥንታቸውም አብሮ ይሳሳል። በየካምፑ ይህ እንደ ጥሩ ምልክት፣ “ቀለል አልኩ” ተብሎ ሲወራ ሰምቻለሁ። ፈጽሞ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሐኪም ማየት አለባት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የምትጾም ከሆነም ጹሚ አትጹሚ የሚለው የእኔ ሥራ አይደለም፤ የንስሐ አባቷ አሉ። እኔ የምለው፣ በእነዚያ ሳምንታት አሠልጣኝዋ ልምምዱን ይቀንስላት፤ እርሷም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፉንና ኑጉን ጠግባ ትብላ ነው።

ዲክሎፌናክ ተወግቼ ብወዳደርስ?

አይሆንም። ሕመሙን ይደብቃል፤ ጉዳቱን አያቆምም። ደጋግሞ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፤ ሰውነት ውሃ አጥሮት ሲሮጥ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መርፌ አይሁን።

እንጀራ ስጋግር ወገቤን ያዘኝ። ፍራሼን መሬት አውርጄ ልተኛ?

አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን። ከዚያ ይነሡ። ድሮ ሐኪሞችም ለሳምንታት ተኙ ይሉ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን ተኝቶ የሚከርም ሰው ቀስ እያለ ከሚንቀሳቀሰው ዘግይቶ እንደሚድን ነው። ድንገት የያዘ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ በጣም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የኤምአርአይ (የውስጥ አካል ምስል) ወረቀት ይዞ እያለቀሰ ይመጣል፤ “ዲስኬ ተንሸራቷል፣ ከእንግዲህ ጎንበስ አልልም” እያለ። ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቷል። በ20 ዓመታቸው ካሉት 30 በመቶው፣ በ50 ዓመታቸው ካሉት 60 በመቶው፣ በ80 ካሉት 84 በመቶው ዲስካቸው አብጦ ታይቷል። ልክ እንደ ሽበት ነው። ምስሉ ብቻውን የሕመምዎ ምክንያት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚያስርዎ ፍርድም አይደለም።

ስለ ሥራው ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ምጣዱ ወለል ላይ ከሆነ በብሎኬት ወይም በጠንካራ ጠረጴዛ እስከ ወገብዎ ድረስ ከፍ ያድርጉት። ቤቴ የመጣች አንዲት ጋጋሪ ይህን ብቻ ለውጣ በሁለተኛው ሳምንት እየሣቀች ተመልሳለች። ሃያ ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ አራተኛ ፎቅ መውጣት ወገብን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በሁለት አሥር ሊትር ከፍለው በሁለቱም እጆች ይያዙት። ከሊጥ ቡኮ ወደ ምጣድ ሲዞሩ ወገብዎን ሳይሆን እግርዎን ያዙሩ። በየጥቂት እንጀራው ቀጥ ብለው ይቁሙና እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች በተመለከተ ግን ምክር ያጥረኛል። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አያለሁ። አትሸከሙ ልላቸው አልችልም፤ የልጆቻቸው ራት ነው። ወደ እኔ የመጡትን ገንዘብ ሳልቀበል አይቻቸዋለሁ፤ ሸክሙን ወደ ጀርባ አስጠግቶ ማሰርን፣ በመንገድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ማረፍን አሳይቻቸዋለሁ። እግርንና ዳሌን የሚያጠነክር ልምምድም ይረዳቸዋል። ከዚህ በላይ የሚፈውሳቸው የእኔ ክፍል ሳይሆን ሌላ መተዳደሪያ ነው።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ከወገብ ሕመም ጋር ሽንትዎን ወይም ሰገራዎን መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ወይም ሽንት አልመጣ ካለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘዎት፣ እግርዎ እየከዳዎት ከሄደ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። ነገ የሚባል የለም።

ሌላም አለ፤ በሀገራችን ዘወትር ልብ ልንለው የሚገባ። ሳምንታት ያለፈው፣ ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ከማታ ላብ፣ ከትኩሳትና ከክሳት ጋር ከመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል። ቲቢ አጥንት ሲይዝ ከሌላው አጥንት ይልቅ አከርካሪን ያዘወትራል፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ከዘገየ ያጎብጣል፤ እግርንም ሽባ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው በማሸት ጊዜ እንዲያባክን አልፈቅድም።

ጉልበቴ ያመኛል፤ ስግደት ልተው?

አይተዉ ይሆናል። ጉልበት የሚያልቅ ጎማ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ሕመሙ ይቀንሳል። ከወንበር ላይ እጅዎን ሳይደገፉ ቀስ ብለው መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ለስግደት ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ሲነሱ በጠንካራው እግር ይነሱ። ረጅም ቅዳሴ ሲቆሙ መቋሚያው ለዚሁ ነው፤ ክብደትዎን ከእግር ወደ እግር ያዘዋውሩበት። ጉልበቱ ካበጠና ከሞቀ ግን ይታይ።

የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ብዙ ይጎዳል። ምን እናድርግ?

ማሟሟቂያችሁን ቀይሩ። ሁለት ዙር ሶምሶማና ጥቂት መለጠጥ አይበቃም። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል 20 ደቂቃ የሚወስድ፣ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ማሟሟቂያ አለ፤ ኳስና ሜዳ ብቻ ይፈልጋል። ኖርዌይ ውስጥ በታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም ጉዳቱን በሲሶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚሠራው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። ከጨዋታ በፊት አንድ ሰው ሜዳውን ዞሮ ድንጋዩን ያንሣ፤ ጉድጓዱን ይድፈን። ለገጣፎ አካባቢ ያለ አንድ ቡድን ይህን ለታዳጊዎቹ ተራ አድርጎ ሰጥቷል፤ ልጆቹም ይኮሩበታል።

ከኮዬ ፈጬ ነው የምመጣው፤ ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ?

የታክሲው ወጪና ሰልፉ ስለሚገባኝ ከምትገምቱት ያነሰ ነው የምጠራው። ለብዙ ሕመም መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል። የሚያድንዎት እኔ ዘንድ የሚያሳልፉት ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ቤትዎ የሚሠሩት ነው። አንድ ባለሙያ በየቀኑ እያስመጣ በማሽን ብቻ የሚያሞቅዎ ከሆነ፣ “ቤቴ የምሠራው ምንድን ነው?” ብለው ይጠይቁት።

የሰጠሁዎትን እንቅስቃሴ ከሚረሱት ነገር ጋር ሳይሆን ከማይረሱት ጋር ያያይዙት፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ወይም ዜና ሲጀምር። ሲመጡ የልጆች ደብተር ይዘው ይምጡ። ስንት ጊዜ እንደሠሩ፣ በማግስቱ እንዴት እንዳደሩ በየቀኑ አንድ መሥመር ይጻፉበት፤ መጻፍ ለማይችሉም ልጅ ይጻፍላቸው። የሚቀጥለውን ልክ የምሰፍረው ከዚያ ደብተር ላይ ነው።